በሰው ወርቅ የደመቀ መቅደስ

የንግሥ ቀን ነው እንበል። ታቦቱ ወጥቷል፤ ወረቡ ቀርቧል፤ ሰባኪውም ትምህርቱን ሰጥቶ ጨርሷል። እዚህ ላይ ማይክሮፎኑ ከሰባኪው እጅ ወደ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሸጋገራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ወንድማችን አቶ እገሌ አምስት መቶ ሺህ ብር!» እልልታ። «እኅታችን ወይዘሮ እገሊት የጉልላቱን ሙሉ ወጪ!» የባሰ እልልታ። አንዲት አሮጊት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በተዘቀዘቀው ዣንጥላ ላይ ጣል ያደረጓት አሥር ብር ግን ድምፅ የላትም። እሷን በማይክሮፎን የሚጠራት የለም።

ወደ ወንጌላውያኑ አዳራሽ ጎራ ብንልም በብዙ ቦታ የሚለወጠው የነገሩ ስም ብቻ ነው። እዚያ «ዘር» ይባላል። ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ ይባላል። ከፊት ወንበር ማን እንደሚቀመጥ ለማወቅ የመባውን ዝርዝር ማየት ይበቃል። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አላልኩም። እንዲህ ያልሆነውን ቤት ግን ፈልጎ ማግኘት እየከበደ መጥቷል።

እኔን የሚገርመኝ ጩኸቱ አይደለም። ሰው ሲሰጥ ቢመሰገን ምን ክፋት አለው? የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንድም ሰው የማያነሣው ጥያቄ ነው፤ ይኼ ገንዘብ ከየት መጣ?

ጥያቄው ነውር ሆኗል። የጠየቀ ሰው ምቀኛ ነው፣ ወይም «የእግዚአብሔርን ሥራ ሊያደናቅፍ የተላከ» ነው። ተረታችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል። ይህን ተረት መጀመሪያ ያወጣው ሰው እያሽሟጠጠ እንደነበር እጠረጥራለሁ። እኛ ግን የምር አድርገን ይዘነዋል፤ ዶግማ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ክርክሬ አጭር ነው። ያለፉት አማኞች ስለ ገንዘብ ካስተማሩን ውስጥ መርጠን የያዝነው አንዱን ብቻ ነው፤ «ስጥ» የሚለውን። ከመስጠት በፊት የሚመጣውን፣ «ከየት አመጣኸው? የማንንስ ይዘህ ቀርተህ ነው?» የሚለውን ትተነዋል። ይህ አንድ ትንሽ ምዕራፍ መዝለል አይደለም። ትምህርቱን በጭንቅላቱ ማቆም ነው።

ከመጽሐፉ እንነሣ። ስለ አሥራት ሲሰበክ የሚነበበው ቦታ የታወቀ ነው፤ ትንቢተ ሚልክያስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10። አሥራቱን ወደ ጎተራው አግቡ፣ የሰማይም መስኮት ይከፈትላችኋል የሚለው። ጥቅሱን በቃሉ የማይወጣ ምእመን የለም። ታዲያ አምስት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብሎ ምን እንደተጻፈ የሚያነብልን ሰባኪ ስንት ነው? እዚያ ላይ እግዚአብሔር የሙያተኛውን ደመወዝ በሚከለክሉ፣ መበለቲቱንና ድሃ አደጉን በሚያስጨንቁ ላይ ራሱ መስካሪ ሆኖ እንደሚመጣ ይናገራል። ያው ምዕራፍ፣ ያው ነቢይ፣ ያው ገጽ ነው። የደመወዙ ነገር የቀደመው ደግሞ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ይህንኑ ይደግመዋል፤ ተቀንሶ የቀረው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ከጌታ ጆሮ ደርሷል ይላል። እንግዲህ በአንድ ግቢ ሁለት ጩኸት አለ ማለት ነው። አንደኛውን እኛ በድምፅ ማጉያ እናሰማለን። ሁለተኛውን የሚሰማው ሌላ ነው።

ዘኬዎስንም እንይ። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው ዛፍ ላይ ስለመውጣቱ ነው። ከዛፉ ወርዶ ያደረገው ግን ይበልጣል። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት ከስሶ የወሰደውን ደግሞ ለየባለቤቱ አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። ለኢያሪኮ ምኩራብ ጣሪያ ማሠሪያ አንዲት ሳንቲም ቃል መግባቱ አልተጻፈም። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለውም ከዚህ ንግግሩ በኋላ ነው።

ደግሞ ያ የሠላሳው ብር ታሪክ አለ። ይሁዳ ብሩን ቤተ መቅደስ ውስጥ በትኖ ሲሄድ የካህናት አለቆች ለቀሙትና የደም ዋጋ ስለሆነ ወደ መባው ሣጥን ሊገባ አይገባም አሉ፤ ለእንግዶች መቃብር የሚሆን የሸክላ ሠሪ መሬት ገዙበት። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ያንኑ ብር ከፍለው ንጹሕ ሰው ያስያዙ ናቸው። በቀሩት ጉዳዮች ሁሉ ኅሊናቸውን ሸጠዋል። ከሣጥኑ ዘንድ ሲደርሱ ግን እጃቸው ተያዘ። የኛ እጅ የሚያዘው የት ስንደርስ ነው?

«ይኼ የወንጌል ዘመን ነገር ነው፣ ኋላ ላይ ቀርቷል» የሚል ካለ አልቀረም። ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀውና በኛም ቤተ ክርስቲያን ከሥርዓት መጻሕፍት ተርታ የሚቆጠረው ዲድስቅልያ፣ ጳጳሱ ከማን መባ መቀበል እንደሌለበት ሰው በሰው ይዘረዝራል። ድሃ የሚያስጨንቅ፣ ሚዛን የሚያዛባ፣ ባሪያውን የሚያሠቃይ፣ ንጹሑን የሚያስፈርድ ሁሉ ከዝርዝሩ አለ። ከእነዚህ ተቀብሎ ድሃ ከመመገብ በረሃብ ማለቅ እንደሚሻል እስከመናገር ይደርሳል። አስቡት፤ ገንዘቡ ለሕንፃ አይደለም፣ ለጉልላት አይደለም፣ መበለትና ወላጅ አልባ ሕፃን ለመመገብ ነው። ለዚያም ቢሆን አይሆንም ተባለ። ምክንያቱም የተቀማውን ገንዘብ ተቀብሎ መልሶ ድሃ ማብላት ድሃውን የገዛ ሥጋውን ማብላት ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ትምህርት በሕይወቱ ከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሲሾም የመንበሩን የቅንጦት ዕቃ ሸጦ ገንዘቡን ለድሆችና ለሕሙማን አዋለው። መሠዊያውን በሐር እያለበሱ ደጅ ላይ የታረዘውን ክርስቶስ ማለፍ ስድብ ነው ብሎ አስተማረ። ይህን ሁሉ ታግሠውት ነበር። ያልታገሡት የመጨረሻውን ነው። ስንክሳራችን እንደሚተርከው ንግሥቲቱ አውዶክስያ የአንዲት መበለት ንብረት በግፍ ወሰደች፤ ዮሐንስ መልሺ አላት፤ እምቢ ስትል ከቤተ ክርስቲያን አገዳት። ንግሥት ናት እንግዲህ፤ ብትፈልግ ስንት ጉልላት ታሠራ ነበር! ሊቀ ጳጳሱ ግን ጉልላት አልጠየቃትም፤ የመበለቲቱን ንብረት ጠየቃት። ስለዚህም ተጋዘ፤ በ407 በግዞት መንገድ ላይ ሞተ። የአፈወርቅን ቅዳሴ የሚቀድስ፣ በስሙም የሚማልድ ሕዝብ ይህን ታሪኩን ዘሎ ማለፉ ያሳዝናል።

ያለፉ አማኞች ሲባል ታዲያ የጸኑት ብቻ አይደሉም። የተሰናከሉትም ያስተምራሉ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጥ ያስተምራሉ። በ1843 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ከ450 በላይ ቄሶች ተለይተው ወጡ። ምክንያታቸው ባላባት ቄስ አይሹምብን የሚል ነበር። ደመወዛቸውን ጥለው፣ ቤታቸውን ለቀው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ወደቁ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ለኅሊና ሲሉ እንጀራን መተው ነው። ነፃ ቤተ ክርስቲያን የተባለችውን አቋቁመውም ሕንፃ መሥሪያ ገንዘብ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ሰው ላኩ። ከደቡቦቹ ግዛቶች፣ ከባሪያ አሳዳሪዎች ጭምር፣ ሦስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ተሰብስቦ መጣ።

በ1846 ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ስኮትላንድ ገባና ከተማ ለከተማ እየዞረ ስለዚያ ገንዘብ ተናገረ። ገንዘቡን መልሱ የሚለው ቃል በየግድግዳው ተጻፈ፤ በየመንገዱ ተዘመረ። የቤተ ክርስቲያኗ መሪዎች ምን መለሱ? ባርነትን አንደግፍም፤ ባሪያ አሳዳሪ ሁሉ ግን ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡም ለበጎ ሥራ ውሏል አሉ። የተማሩ፣ ጸሎተኞች፣ ትናንት ለኅሊናቸው ደመወዛቸውን የተዉ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። ገንዘቡ አልተመለሰም። የራሳቸውን እንጀራ ለመተው የደፈሩ ሰዎች የሌላውን እንጀራ ለመመለስ አልደፈሩም። ሦስት ሺህ ፓውንድ አፋቸውን ያዘው። የገንዘብ ትልቁ ኃጢአት ይኼ ይመስለኛል፤ ከተቀበሉት በኋላ ስለ ሰጪው መናገር አይቻልም።

ከእነሱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የነበረው ጆን ዉልማን ግን ሌላ ሰው ነው። የኒው ጀርዚ ልብስ ሰፊ፣ ኩዌከር ከሚባሉት አማኞች ወገን ነበር። ሱቁ ሲሰፋለት ሐሳቤን ይከፋፍልብኛል ብሎ ተወው። በ1757 በደቡቦቹ ግዛቶች ሲዘዋወር የገዛ ወገኖቹ በእንግድነት ይቀበሉታል፤ አልጋ ያነጥፉለታል፣ ምግብ ያቀርቡለታል። የሚያነጥፉትና የሚያቀርቡት ግን ባሪያዎች ነበሩ። ዉልማን ምን አደረገ? ሲሄድ ለእነሱ የሥራቸውን ዋጋ ይተው ነበር። በነፃ የቀረበለትን እራት ሒሳብ ማን እንደሚከፍለው ገብቶታልና። በ1772 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ባሪያ ያለው ሰው አባላችን ሊሆን አይችልም ብለው ወሰኑ። አንድ ልብስ ሰፊ ብቻውን አደረገው አልልም፤ ሌሎችም ነበሩ። ግን ከየቤቱ ሲወጣ «ይህን የሠራው ማን ነው? ተከፍሎታል ወይ?» የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ ውሳኔው ከየት ይመጣ ነበር?

አሁን ተቃዋሚዬን ላናግር። ከሁሉም ብርቱ የምለው ጆርጅ በርናርድ ሾው ነው። በ1905 መድረክ ላይ በቀረበው «ሜጀር ባርባራ» በተባለ ተውኔቱ ውስጥ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው የክርስቲያኖች የምግባረ ሠናይ ማኅበር ከአንድ የውስኪ ጠማቂና ከአንድ የመሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት ገንዘብ ይቀበላል፤ ባርባራም ልቧ ተሰብሮ ማኅበሩን ትተዋለች። ተመልካቹ ከባርባራ ጋር ሲያዝን ሾው ግን በመቅድሙ ላይ ይስቅበታል። ንጹሕ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ከአንድ ቆሻሻ ወንዝ የተቀዳ ነው፤ ስለዚህ ማኅበሩ ከሰይጣንም ቢሆን ተቀብሎ ለበጎ ያውለው ነው የሚለው። በኛ አገር ይህን ክርክር ሾውን ሳያነቡ የሚደግሙት ብዙ ናቸው፤ «ማነው ንጹሕ? የማን ብር ነው ላብ የሌለበት?»

ግማሹ እውነት ነው። ሁሉም ገንዘብ የሆነ ቦታ ላይ ነክቶታል። ሁሉም እኩል ነክቶታል ማለት ግን አይደለም። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት የሰጠችው ሃያ ብርና የስድሳ ቀን ሠራተኞችን የሁለት ወር ሒሳብ ይዞ «ነገ ኑ» እያለ ያመላለሰ ሥራ ተቋራጭ የሰጠው ግማሽ ሚሊዮን አንድ ነው የሚለኝ ሰው ፍልስፍና እያወራ አይደለም፤ ሰበብ እየፈለገ ነው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶ የደባለቀ ሰው አሥራቱን ቢያወጣ አሥራት ያወጣው ከማን ሆድ ነው? በጾም ሥጋ አይበላም፤ የሰው ላብ ግን ፍስክም ጾምም ሳይለይ ይበላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ተከትሎ የበላው ባለሥልጣንም ከበላው ላይ ለደብሩ ቆንጥሮ ሲሰጥ እንደ መንፈሳዊ አባወራ ይወደሳል። ክርስቶስ ከቀራጮች ጋር በላ ይሉኛል። አዎ፣ ከዘኬዎስ ጋር በላ። ከዘኬዎስ ገንዘብ ግን አልወሰደም፤ የወሰደው ዘኬዎስን ነው።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከቅንነትም ሊመጣ ይችላል። «ታዲያ ቤተ ክርስቲያን በምን ትኑር?» የሚለው ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ትርፍ የከተማ ቤትና ቦታ ሲወረስ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን መተዳደሪያ አጣች። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ የምእመኑ ኪስ ላይ ነው። ካህኑ መብላት አለበት፤ የአብነት ተማሪው መማር አለበት፤ የሚያፈሰው ጣሪያ መጠገን አለበት። ይህን አልክድም። የቀድሞው መተዳደሪያ ራሱ በገባር ላብ የቆመ እንደነበርም ልብ ይሏል፤ ስለዚህ ጥያቄው የዛሬ ብቻ አይደለም።

ግን ባለጠጋ ካልያዛት ቤተ ክርስቲያን ትወድቃለች የሚለውን ታሪክ አይቀበለውም። ወላይታን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1937፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ የውጭ ሚስዮናውያን አካባቢውን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ገንዘብ የሚልክላቸው የለም፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚያቆምላቸው የለም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ምእመናኑ ከጓዳቸው እየቀነሱ ለእስረኞቹ ስንቅ አመላለሱ። ጦርነቱ አልፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ አሥር ሺህ ገደማ ነበር። የሣር ቤት ውስጥ የሚጸልይ አሥር ሺህ ሕዝብ! ማይክሮፎን አልነበረም፤ ጉልላት አልነበረም፤ የክብር እንግዳም አልነበረም። የነበረው የእንጀራ ቁራሽ ነው፤ ከየት እንደመጣም ሁሉም ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቤተ ክርስቲያን የገቢዎች መሥሪያ ቤት ትሁን፣ በር ላይ ቆማ ደረሰኝ ትጠይቅ እያልኩ አይደለም። ልታደርገው የምትችለውና አንድ ሳንቲም የማያስወጣት ነገር ግን አለ።

አንደኛ፣ ስም አይጠራ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለማይክሮፎንም ነው። የተሰበሰበው በድምሩ ይነገር፤ አሮጊቷና ባለሀብቱ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይደመሩ። ለስሙ ሲል ብቻ የሚሰጥ ካለ ያን ጊዜ ይቀራል፤ ይቅር።

ሁለተኛ፣ የሚልክያስ ቁጥር 10 በተነበበ ቁጥር ቁጥር 5ም ይነበብ። ስለ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ ጉቦ በስሙ እየተጠራ ይሰበክ። «ኃጢአት» እያሉ በጅምላ ማለፍ ማንንም አይነካም።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባት ሲናዘዙለት «ስንት ጹም፣ ስንት ስገድ» ከማለቱ በፊት «የወሰድከውን መልሰሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ፓስተሩም በጸሎት ቢሮው ይህንኑ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ጠያቂው ራሱ ይጠየቅ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ የታመኑ ወንድሞችን አብሮ ላከ። ጳውሎስ ራሱን ለቁጥጥር ካቀረበ የኛ ሰበካ ጉባኤና የኛ አገልጋይ ሒሳቡን አስመርምሮ በር ላይ ቢለጥፍ ምን ይጎድልበታል? የራሷን ሒሳብ የደበቀች ቤት የሌላውን ሒሳብ ለመጠየቅ አፍ የላትም።

አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁም» ያሉት ተውሶ ለሚያጌጥ ሰው ነው። ለመቅደስም ይሠራል። በአንድ ደብር ጉልላት ላይ የሚያብረቀርቀው ነገር የሠራተኛ ደመወዝ ከሆነ ያ ሠራተኛ በታች በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ ምን ብሎ ይሳለም? ገንዘቡ እላይ ተሰቅሎ ያየዋል እኮ! ስለዚህ ለጋሾቻችን ሆይ፣ ጉልላቱ ይቆይ። ሠራተኛው ሒሳቡን ሊቀበል ደጃችሁ ላይ ቆሟል፤ በቅድሚያ እሱን አስገቡትና ክፈሉት።